ሦስተኛው ሰዓት ላይ የሚሳሳት ድምር፦ የአንድ የኩላሊት እጥበት ታካሚ የጉዳይ ጥናት

ደብተሩ ባለ መስመር ነው፤ ጠርዙ ተበልቶ በላስቲክ ታስሯል። ባለቤቱ የ61 ዓመት ጡረተኛ የሂሳብ ሠራተኛ ናቸው። ዕድሜያቸውን ገቢና ወጪ ሲያመሳክሩ የኖሩ ሰው በመሆናቸው፣ በስኳር በሽታና በደም ግፊት የተነሳ ኩላሊታቸው ሥራ ካቆመ ወዲህ የራሳቸውንም ሰውነት በመዝገብ ይዘውታል። ከእጥበት በፊት የነበረው ክብደት በአንድ ዓምድ፣ ከእጥበት በኋላ ያለው በሌላ፣ የጠጡት ውሃ በሚሊ ሊትር፣ ከዚያ የደም ግፊት። ገጹ ግርጌ ላይ ድምር አለ፤ ከድምሩ ሥር ሁለት መስመር።

በሳምንት ሦስት ቀን፣ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ፣ ለአራት ሰዓት ከማሽን ጋር ይያያዛሉ። ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆኗቸዋል። ማንነታቸውን የሚጠቁሙ ነገሮችን ከዚህ ጽሑፍ አውጥቻለሁ። ስለ ደብተሩ እንድጽፍ ግን ፈቅደውልኛል፤ «ስሕተቱን ብቻ እንዳይጽፉ፣ ትክክለኛውንም ይጻፉ» የሚል ማሳሰቢያ ጨምረውበት።

ጉዳዩን ወደ እኔ ያመጣው ደብተሩ አልነበረም። ልጃቸው ናት። አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ብቻዋን መጥታ በሩ ላይ ቆመች። «ዶክተር፣ ኩላሊቴን ልሰጣቸው ፈልጌ ነበር። ‹አባትሽ ንቅለ ተከላ አልፈልግም ብለዋል› ተባልኩ። እርሳቸውን ስጠይቃቸው ደግሞ ‹ማን ጠየቀኝና?› ይላሉ። ከሁለት አንዳችሁ ተሳስታችኋል» አለችኝ።

ፋይሉን አወጣሁ። «ስለ ንቅለ ተከላ ተገልጾላቸው እንደማይፈልጉ ተናግረዋል» ይላል፤ ከሥሩ የእርሳቸው ፊርማ አለ። ማስታወሻው የተጻፈው ሰኞ ከጠዋቱ 5 ሰዓት ከ10 ላይ ነው። እጥበታቸው የሚጀምረው 2 ሰዓት ላይ ነው። ያን ቀን ሰዓቷን አይቼ አለፍኳት፤ ቁም ነገሩ እርሷ ላይ እንደነበረ የገባኝ ከሳምንታት በኋላ ነው። ፊርማውን ግን አላለፍኩትም። ሕክምና ሲጀምሩ የፈረሙት ቀጥ ያለና የሂሳብ ሰው ፊርማ ነው። የሰኞው ፊርማ ከመስመሩ ወርዶ፣ የመጨረሻው ፊደል ሳያልቅ ተቋርጧል።

ሌሎቹም ማስታወሻዎች ደስ የሚሉ አልነበሩም። «ውሃ እንዲቀንሱ በድጋሚ ተመክረዋል።» «የፎስፌት መቀነሻ ክኒን ከምግብ ጋር እንዲወስዱ ተነግሯቸዋል፤ አልያዙትም።» ከሦስት ወር በፊት ደግሞ አንድ ባልደረባችን «ተባባሪ አይደሉም» ብሎ ጽፎ አጠቃሎታል። ይህ ቃል አንዴ ፋይል ውስጥ ከገባ የሚያወጣው የለም፤ ቀጥሎ የሚመጣው ሐኪም ታካሚውን ሳያይ ቃሉን ያያል። ሁሉም ማስታወሻዎች የተጻፉት ታካሚው ማሽኑ ላይ ሳሉ ነው። ምክንያቱን እናውቀዋለን። ሰውየው መርፌ ክንዳቸው ላይ ተሰክቶ አራት ሰዓት የትም አይሄዱም፤ ሐኪሙም፣ የሥነ ምግብ ባለሙያውም፣ ወረቀት የሚያስፈርመውም ሁሉ ያን ጊዜ ይመጣል። ለእኛ የተመቸ ሰዓት ነው።

ሐሙስ ጠዋት፣ እጥበት በሌለበት ቀን፣ ቀጠሮ ሰጥቻቸው ደብተራቸውን ይዘው መጡ። ንግግራቸው የተረጋጋ ነው። «ቃል ይጠፋብኛል» አሉኝ። «ሰኞ ማታ ጋዜጣ ይዤ አንዱን አንቀጽ ሦስት ጊዜ አነበዋለሁ። ማክሰኞ ከሰዓት ይሻለኛል። ዛሬ እንደሚያዩኝ ነኝ።» ልጃቸው ሰው ሁሉ ያረጀ ጊዜ ይረሳል የሚል መልስ ከሌላ ቦታ ተሰጥቷት ነበር። እርጅና ግን የሳምንቱን ቀን አይቆጥርም።

ደብተሩን ተውሼ የዘጠኝ ሳምንት ገጾች ደመርኩ፤ 27 እጥበት ማለት ነው። ቤታቸው ሆነው ወይም እጥበት ከመጀመሩ በፊት ከደመሯቸው ውስጥ የተሳሳተው አንድ ብቻ ነው። ከእጥበት በኋላ ወንበሩ ላይ ሳሉ ከደመሯቸው ግን 11ዱ ተሳስተዋል፤ ከ11ዱ ስምንቱ የሰኞ ናቸው። አንድ ሌላ ነገርም አየሁ። እኚህ ሰው 7 ቁጥርን መሐሏ ላይ አጭር መስመር አድርገው ይጽፏታል። ሰኞ ከእጥበት በኋላ የተጻፉት 7ቶች መስመር የላቸውም፤ 1 ይመስላሉ። ሁለቱ ስሕተቶች የመጡት የራሳቸውን 7 እንደ 1 አንብበው ስለደመሩት ነው።

አንጎላቸው ውስጥ ደም ፈስሶ እንደሆነ ማጣራት ነበረብን፤ በእያንዳንዱ እጥበት ደም እንዳይረጋ ሄፓሪን ይሰጣልና። ኤምአርአይ የፈሰሰ ደም አላሳየም። በነጩ የአንጎል ክፍል ውስጥ ግን የተበታተኑ፣ አንዳንድ ቦታም የተገናኙ ነጫጭ ጠባሳዎች ነበሩ፤ የትናንሽ ደም ሥሮች ጉዳት ምልክት ነው። የደም ስኳራቸው በእጥበት መካከል አልወረደም። ሶዲየም፣ የእንቅርት ዕጢ ሆርሞንና ቫይታሚን ቢ12 ደህና ናቸው። የመንፈስ ጭንቀት መጠይቁ ከቀላል በላይ አላሳየም። ግራ ጆሯቸው ትንሽ ይደክማል፤ የማሽን ጩኸት ባለበት ክፍል ይህም ቀላል ነገር አይደለም።

መድኃኒት ዝርዝራቸው ውስጥ ግን ጥፋተኛ ያገኘሁ መሰለኝ። ለእግራቸው ማቃጠል ጋባፔንቲን 300 ሚሊ ግራም በቀን ሦስት ጊዜ ይወስዳሉ። ይህ መድኃኒት ከሰውነት የሚወጣው በኩላሊት ብቻ ነው፤ ኩላሊት ለሌለው ሰው በዚያ መጠን ሲሰጥ ይጠራቀምና ያፈዝዛል፣ ጡንቻ ያስበረግጋል። ከእያንዳንዱ እጥበት በኋላ 100 ሚሊ ግራም ብቻ እንዲወስዱ አደረግን። በሁለት ሳምንት ውስጥ የቀን እንቅልፋቸው ቀነሰ፣ የእጃቸው መበርገግ ቆመ። ጉዳዩን ዘግቼው ነበር። ደብተሩ ግን አልተዘጋም፤ የቀጣዮቹ ሁለት ሰኞዎች ድምርም ተሳስቶ መጣ።

ቆም ብዬ ማሰብ የነበረብኝ ገና ከመነሻው ነው። ጥፋቱ የመድኃኒቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ከእጥበት በኋላ መሻል ነበረባቸው፤ ማሽኑ ጋባፔንቲንን ያጥበዋልና። ኩላሊት ማስወጣት ያቃተው መርዝ ብቻ ቢሆንም እንዲሁ ነው፤ ደሙ ሲጠራ ጭንቅላትም መጥራት አለበት። ይህ ከእጥበት ታሪክ ጋር የተወለደ እውቀት ነው። ዊለም ኮልፍ በጦርነቱ ዘመን ሆላንድ ውስጥ ካምፐን ከተማ ላይ በሠራው ማሽን እ.ኤ.አ. በ1945 ያዳናት የ67 ዓመት ሴት የመጣችው ኩላሊት በሚያስወግደው ቆሻሻ፣ በዩሪያ፣ ብዛት ራሷን ስታ ነው፤ ከታጠበች በኋላ ነቃች። ስትነቃ መጀመሪያ የተናገረችው ባሏን እንደምትፈታ ነበር ይባላል። እጥበት አእምሮን ይመልሳል። የእኔ ታካሚ ግን ደማቸው ከሁሉም ቀን ይልቅ በጠራበት ሰዓት ነው ቁጥር የሚጠፋባቸው።

ስለዚህ በሁለት የተለያዩ ሰዓቶች ልፈትናቸው ወሰንኩ። ሞካ የሚባለው አጭር የአእምሮ መመዘኛ ከ30 ነጥብ የሚታረም ነው፤ 26 እና ከዚያ በላይ በጥቅሉ እንደ ደህና ይቆጠራል። ሰኞ፣ እጥበቱ ሦስት ሰዓት ሲሆነው፣ 18 አገኙ። በሐሙስ ጠዋት በሌላ ቅጂ 23።

የሰኞውን ፈተና ልረሳው አልችልም። ከ100 ላይ ሰባት ሰባት እየቀነሱ እንዲወርዱ ጠየቅኳቸው። «93» አሉ ሳይቸገሩ። «86።» ከዚያ «78» ብለው አፋቸውን ያዙ። ስሕተት መሆኑን አውቀዋል። «ቆይ» አሉ፤ ጣታቸውን ብርድ ልብሱ ላይ እያንቀሳቀሱ ለመመለስ ሞከሩ። አርባ ዓመት በቁጥር የኖረ ሰው ስሕተቱን እያየው ማረም አቃተው። አጠገባችን ያለችው ነርስ ፊቷን ወደ ማሽኑ አዞረች።

ነጥቡ የጠፋበት ቦታ ራሱ ይናገራል። አምስቱን ቃላት ከደቂቃዎች በኋላ ሲጠየቁ ሁለት ብቻ አስታወሱ፤ ፍንጭ ሲሰጣቸው ግን ሌሎቹም ወጡ። ቃላቱ ገብተው ተቀምጠዋል፤ የቸገረው ፈልጎ ማውጣት ነው። ቁጥርና ፊደል እያፈራረቁ ማገናኘት፣ ሰዓት መሳል፣ ማቀድ፣ ከአንዱ ሐሳብ ወደ ሌላው መዞር፣ እነዚህ ናቸው የተጎዱት። በእጥበት ታካሚዎች ላይ በብዛት የሚታየው ይኸው ነው፤ ከመርሳት ይልቅ መዘግየትና ሐሳብን ማስተዳደር አለመቻል። ለዚህም ነው በወሬ መካከል የማይታወቀው። ሰላምታው ያው ነው፣ ጨዋታው ያው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ ሚኒሶታ የወጣ ጥናት 338 ዕድሜያቸው 55 እና ከዚያ በላይ የሆኑ የእጥበት ታካሚዎችን ፈትኖ፣ 37 በመቶው ከባድ የማሰብ ችግር እንዳለባቸው፣ ደህና ሊባሉ የሚችሉት 13 በመቶ ያህል ብቻ እንደሆኑ አገኘ። ይበልጥ የገረመኝ ሌላው ቁጥር ነው፤ ችግሩ ቀድሞ ፋይላቸው ላይ ተጽፎ የነበረው 3 በመቶ ለማይሞሉት ነው። ያው ቡድን በቀጣዩ ዓመት 28 ሰዎችን በተለያየ ሰዓት ሲፈትን ደግሞ ውጤታቸው የከፋው በእጥበቱ ጊዜ፣ የተሻለው ከእጥበት ጥቂት ቀደም ብሎ ወይም በማግስቱ ሆኖ ተገኘ። ይህን አንብቤ ወደ ፋይሉ ተመለስኩ። 5 ሰዓት ከ10። ሦስተኛው ሰዓት አልፎ አራተኛው ገብቷል።

አንጎል ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ያህል ቢሆንም ልብ ከሚረጨው ደም 15 በመቶ ያህሉን ይወስዳል። በጤነኛ ጎልማሳ ለእያንዳንዱ 100 ግራም የአንጎል ሥጋ በደቂቃ 50 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ይደርሳል። የራሱ ስንቅ ስለሌለው ይህ ፍሰት እንዳይዋዥቅ ደም ሥሮቹ ይጠብቁታል፤ ግፊት ሲወርድ ይሰፋሉ፣ ሲወጣ ይጠባሉ። ጥበቃው ግን ወሰን አለው። ለዓመታት ከፍተኛ ግፊት የለመደ ሰው ወሰኑ ወደ ላይ ከፍ ይላል፤ ለሌላው ምንም ያልሆነ ግፊት ለእርሱ ዝቅተኛ ነው። ስኳርም የደም ሥሮቹን መታዘዝ ያዳክማል። ደም ማነስ ሲጨመርበት ነገሩ ይከፋል። የእኚህ ሰው ሂሞግሎቢን (ኦክስጅን የሚሸከመው የደም ክፍል) 8.4 ብቻ ነበር። ደሙ የሚሸከመው ኦክስጅን ስላነሰ የአንጎል ደም ሥሮች ገና ከጠዋቱ ሰፍተው ብዙ ደም ለማሳለፍ ይገደዳሉ። ይህ ማለት ግፊት ሲወርድ የሚሰፉበት ትርፍ አልቀራቸውም።

አሁን ማሽኑን እናምጣ። ታካሚው ከዓርብ እስከ ሰኞ የጠራቀሙትን ውሃ ማሽኑ የሚስበው ከደም ነው። ሥጋ ውስጥ ያለው ውሃ የተሳበውን ለመተካት ወደ ደም ይገባል፤ አገባቡ ግን ቀርፋፋ ነው። የሚወጣው ከሚተካው ከፈጠነ በደም ሥር ውስጥ ያለው ደም ያንሳል፣ ልብ የሚረጨው ይቀንሳል። የሰኞ ሂሳባቸው እንዲህ ነበር፦ ደረቅ ክብደታቸው (ትርፍ ውሃው ሲወጣ የሚቀረው) 64 ኪሎ፣ የሚወጣው ውሃ 3.6 ሊትር፣ ጊዜው 4 ሰዓት። በሰዓት ለአንድ ኪሎ 14 ሚሊ ሊትር ይመጣል። ከ13 በላይ ሲሆን ከሞት ጋር እንደሚያያዝ በብዙ ታካሚዎች ላይ ታይቷል። ረቡዕና ዓርብ 9 እና 10 አካባቢ ነው። ደብተራቸው ለምን ሰኞን እንደመረጠ የነገረኝ ይህ ማካፈል ነው፤ ያካፈሉትም ራሳቸው ናቸው፣ በሐሙስ።

የኔዘርላንድስ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ጥናት 12 አረጋውያን ታካሚዎችን በእጥበት መካከል በፔት ስካን መርምረው፣ የአንጎል ደም ፍሰት በአማካይ 10 በመቶ እንደሚቀንስ ለክተዋል። በቀጣዩ ዓመት ከግላስጎው የወጣው ጥናት ደግሞ የደምን ፍጥነት በድምፅ ሞገድ በሚለካው በዶፕለር አልትራሳውንድ ተመሳሳይ መቀነስ አይቶ፣ መቀነሱ ከማሰብ ችሎታ መዳከም ጋር አብሮ እንደሚሄድ አሳይቷል። አማካይ ቁጥር ግን ሰውን ይደብቃል፤ በፔት ስካኑ ውስጥ ጭራሽ ያልቀነሰባቸውም፣ ከአማካዩ እጅግ የበለጠ የቀነሰባቸውም ነበሩ። የእኚህ ሰው የት ላይ ነው?

የዶፕለሩን መሣሪያ ሰኞ ጠዋት ወንበራቸው አጠገብ አቆምነው። ዘንጉ ጆሮ ግንዳቸው ላይ፣ አጥንቱ በሚሳሳበት ቦታ ይቀመጣል፤ አንዳንድ ሰው ላይ ድምፁ አጥንቱን አያልፍም፣ እርሳቸው ላይ አለፈ። እጥበቱ ሲጀመር በመካከለኛው የአንጎል ደም ወሳጅ ውስጥ የደሙ ፍጥነት በአማካይ በሰከንድ 52 ሴንቲ ሜትር፣ የደም ግፊታቸው 158 በ84 ነበር። እጥበቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ ሲሞላው ፍጥነቱ 40፣ ግፊቱ 102 በ54 ሆነ። የፍጥነቱ መቀነስ 23 በመቶ ነው። ማሽኑ አልጮኸም፤ እንዲጮህ የታዘዘው የላይኛው ግፊት ከ90 ሲወርድ ነው። እርሳቸውም አላዞረኝም አሉ። ያደረጉት ነገር ቢኖር ማዛጋት ነው፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሰባት ጊዜ።

«ጋሼ ሰኞ ሰኞ ያዛጋሉ» አለች ነርሷ። «እኔ እንቅልፍ አነሳቸው እላለሁ።» ደጋግሞ ማዛጋት ግፊት ሊወድቅ ሲል ከሚታዩት ቀደምት ምልክቶች አንዱ ነው። ከሁላችን ቀድማ ያየችው እርሷ ናት፤ ፋይሉ ላይ ለማዛጋት የተዘጋጀ ቦታ ስለሌለ አልተጻፈም።

እዚህ ላይ ለጥንቃቄ የምጨምረው አለ። ዶፕለር የሚለካው ፍጥነትን እንጂ የደሙን መጠን አይደለም። ውሃው ሲወጣ ደግሞ ደም ይወፍራል፤ ሂሞግሎቢኑ በእጥበቱ መጨረሻ ከፍ ስለሚል እያንዳንዱ ሚሊ ሊትር ደም የሚሸከመው ኦክስጅን ይጨምራል። ስለዚህ 23 በመቶ የቀነሰ ፍጥነት 23 በመቶ የጎደለ ኦክስጅን ነው ማለት አይቻልም። ነገር ግን ፍጥነቱ ሲወርድ 7 ቁጥር መስመሯን የምታጣ ከሆነ፣ ተጨማሪ ማስረጃ እስኪመጣ እጄን አጣጥፌ አልቀመጥም።

መጀመሪያ የነካነው ጥሙን ነው። «ውሃ ይቀንሱ» ማለት ጥሙን ሳይነኩ ሰውን መቅጣት ነው። ሰው የሚጠማው ጨው ስለበዛበት ነው፤ ጨው ከገባ ውሃው ተከትሎ መግባቱ አይቀርም። ምግባቸውን ከልጃቸው ጋር ስናይ ብዙ የሚቀነስ ጨው አገኘን። ሌላውን ጨው ግን የምንሰጣቸው እኛ ነበርን። የማጠቢያው ፈሳሽ ሶዲየም ለሁሉም ታካሚ 140 ተደርጎ ተሞልቷል፤ የእርሳቸው ደም በተለምዶ 136 ነው። በየእጥበቱ ሶዲየም ጭነንባቸው ወደ ቤት እንልካቸዋለን፣ ቤት ሲደርሱ ይጠማቸዋል፣ ይጠጣሉ፣ ሰኞ «አይሰሙም» ብለን እንጽፋለን። በሦስት ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ወደ 137 አወረድነው። ይህ በጥንቃቄ የሚሠራ ነው፤ በፍጥነት ከወረደ በእጥበት መካከል ግፊትን ራሱ ይጥላል።

የሰኞውን እጥበት በግማሽ ሰዓት አራዘምነው። ከእርሳቸው በኋላ ወንበሩን የሚጠብቅ ሰው ስላለ ነርሷ በ1 ሰዓት ተኩል መጀመር ነበረባት፤ ወረቀት ላይ ቀላል የሚመስለው ነገር በሰው ጠዋት ላይ የሚከፈል ነው። የግፊት ክኒናቸውን በእጥበት ቀን ጠዋት መዋጥ ትተው ወደ ማታ አዞርነው። ለደም ማነሳቸው ብረት በደም ሥር ሰጥተን ደም እንዲመረት የሚያነሳሳውን የኤሪትሮፖይቲን መርፌ አስተካከልን። ሂሞግሎቢኑ በሦስት ወር 10.6 ደረሰ፤ ከዚያ በላይ አልገፋነውም። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው ትልቁ የትሪት ሙከራ የኩላሊት ችግርና ስኳር ያለባቸውን ሰዎች ሂሞግሎቢን ወደ 13 ለማድረስ መሞከር በአንጎል ደም ሥር አደጋ የመመታት ዕድልን ወደ እጥፍ እንዳደረሰው አሳይቷልና። አንጎልን ለማዳን ብለን አንጎልን መምታት አይሆንም።

የማጠቢያው ሙቀት ብዙ አከራክሮናል። ፈሳሹ 37 ዲግሪ ነበር፤ የእርሳቸው ሰውነት 36.3። ቀዝቀዝ ያለ ፈሳሽ የቆዳን ደም ሥሮች አጥብቦ ግፊትን ይደግፋል። እ.ኤ.አ. በ2015 ከእንግሊዝ የወጣ፣ 73 አዲስ ታካሚዎችን ያካተተ ሙከራ፣ ከሰውነት ሙቀት ግማሽ ዲግሪ ዝቅ ባለ ፈሳሽ የታጠቡት ሰዎች በአንድ ዓመት ውስጥ ነጩ የአንጎል ክፍላቸው ከጉዳት መጠበቁን ዘግቧል። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2022 በካናዳ ኦንታሪዮ በ84 ማዕከላት የተደረገው ከ15,000 በላይ ታካሚዎች ያሉበት ሙከራ፣ ማቀዝቀዙ በልብ በሽታ መሞትንና ሆስፒታል መግባትን እንዳልቀነሰ፣ ታካሚዎቹ ግን ይበልጥ እንደበረዳቸው አሳየ። እርሱ ግን የማሰብ ችሎታን አልለካም። 35.8 ላይ ሞከርን። በሁለተኛው ሰዓት ጥርሳቸው ተንቀጨቀጨ። «ዶክተር፣ አእምሮዬን መልሰው ሰውነቴን ሊወስዱብኝ ነው?» አሉ። 36 ላይ ተስማማን፤ ሁለተኛ ብርድ ልብስ ተጨመረ።

የመጨረሻው ለውጥ ምንም መሣሪያ አይፈልግም። የእርሳቸውን ሰዓት ቀየርን። መመሪያ፣ የመድኃኒት ለውጥ፣ ፊርማ የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ በሐሙስ ጠዋት፣ ካልሆነም እጥበት ከመጀመሩ በፊት በቀኝ ጆሯቸው በኩል ይነገራል፤ በጽሑፍም ይሰጣል። ፋይሉ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ከመጀመሪያው ሰዓት በኋላ ምንም አይጠየቁ» ብዬ ጻፍኩ። አንድ ባልደረባዬ ይህን አይቶ ሳቀ፤ እኔ አልሳቅኩም።

ከአራት ወር በኋላ ከዓርብ እስከ ሰኞ የሚጨምሩት 2.8 ሊትር ሆነ፤ በአራት ሰዓት ተኩል ሲካፈል በሰዓት ለኪሎ 9.7 ሚሊ ሊትር። በሰኞ እጥበት የታየው ዝቅተኛ ግፊት 126 በ66 ነው። የደሙ ፍጥነት ከ50 ወደ 44 ወረደ፤ 12 በመቶ። ሞካ በሦስተኛው ሰዓት 22፣ በሐሙስ 25። ቅጂ ብንቀያይርም ሰው ፈተናን ይለምዳል፤ ከዚህ ጭማሪ አንድ ሁለቱ ነጥብ የልምድ ሊሆን ይችላል። ከለወጥናቸው ነገሮች የትኛው እንደሠራም መናገር አልችልም፤ ስድስቱንም በአንድ ጊዜ ነካክተናል። ተመራማሪ ብሆን አንድ በአንድ እሄድ ነበር፤ የእርሳቸው ሐኪም ነኝ።

ያልተመለሰም አለ። ቁጥርና ፊደል ማፈራረቁ አሁንም ያዘገያቸዋል። ነጫጭ ጠባሳዎቹ አይጠፉም። ሰኞ ማታ ጋዜጣውን ሁለት ጊዜ ያነቡታል፤ ሦስት ጊዜ ይነበብ የነበረውን።

የንቅለ ተከላው ንግግር የተደረገው በአንድ ሐሙስ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው። ልጃቸው አጠገባቸው ተቀምጣለች። ደብተራቸውን ከኋላ ገልብጠው 11 ጥያቄ ጽፈው መጥተዋል። ስለ ራሳቸው የጠየቁት ሦስቱን ብቻ ነው፤ ስምንቱ ስለ እርሷ ናቸው። የሚቀራት ኩላሊት ብቻውን ይበቃታል ወይ? ብታረግዝስ? ስኳር በዘር ከሆነ ነገ እርሷንም ቢይዛትስ? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ከእኛ መካከል ማንም በዚያ ሰኞ ሊያነሳላቸው ያልሞከረው ነው፤ የስኳር በሽታ ያለበት አባት ልጅ ስትሰጥ በጥንቃቄ መመርመር ያለበትም ይኸው ነው። መልሱን እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ከዚያ አንድ ቅድመ ሁኔታ አስቀመጡ። «እርሷን የሚመረምራት ሐኪም እርስዎ አይሁኑ። ገንዘብ ያዥና ኦዲተር አንድ ሰው አይሆንም።»

ትክክል ናቸው፤ ለጋሹን ከተቀባዩ ሐኪም ውጭ ያለ ሰው ማየት አለበት፤ አሠራሩም ያንኑ ያዛል። «አባዬ፣ እሺ ማለትዎ ነው?» አለች። «ምርመራው ይጀመር ማለቴ ነው» አሉ። ፈረሙ። የፊርማው የመጨረሻ ፊደል አልቋል። የቆየውን ማስታወሻ አልሰረዝኩትም፤ ከጎኑ በየትኛው የእጥበት ሰዓት እንደተጻፈ ጨመርኩበት። «ተባባሪ አይደሉም» የሚለውን ግን፣ የጻፈውን ባልደረባ ጠይቄው እርሱ ራሱ አረመው። የልጃቸው ምርመራ በሌላ ሐኪም እጅ ነው፤ ገና አላለቀም።

ባለፈው ሰኞ እጥበቱ አራተኛው ሰዓት ላይ ሳለ በአጠገባቸው ሳልፍ በጣታቸው ጠሩኝ። የማሽኑን መከታተያ ወረቀት እያነበቡ ነበር። «ሲጨርሱ ቱቦው ውስጥ ያለውን ደም ለመመለስ የምታስገቡት 250 ሚሊ ሊትር ውሃ የት ተመዘገበ? ገቢ ነው እኮ።» ወረቀቱን አየሁት። በሚወጣው ውሃ ልክ ላይ አልተደመረም ነበር። እዚያው አረምኩት፤ እርሳቸውም ከሥሩ ሁለት መስመር አሰመሩ። በዚያው ዕለት በራሳቸው ደብተር ላይ በ100 ሚሊ ሊትር ተሳስተዋል፤ እርሱን ያገኘችው ማታ ልጃቸው ናት።